የአሉታ ንግግር አረዳድ፤ የጥናቱ ታሪክና በደባርቅ፣ በዳባትና በስሜን ተራሮች ግርጌ ለሚገኙ ትምህርት ቤቶች ያለው ፋይዳ

መግቢያ

መምህር በክፍል ውስጥ ሲናገር የሚገልጸው የሆነውን ነገር ብቻ አይደለም። ያልሆነውን፣ የማይሆነውንና መሆን የማይገባውንም ይገልጻል። የሰዋስው ሊቃውንት የመጀመሪያውን አዎንታ፣ ሁለተኛውን አሉታ ይሉታል። ሁለቱ በመጽሐፍ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ሲታዩ እኩል ይመስላሉ። በአድማጭ አእምሮ ውስጥ ግን እኩል አይደሉም። ይህ ጽሑፍ የዚህን ልዩነት የጥናት ታሪክ በአጭሩ ካቀረበ በኋላ፣ ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ምን ትምህርት እንደሚሰጥ ለማመልከት ይሞክራል።

ለጽሑፉ መነሻ የሆነው አንድ ትንሽ ገጠመኝ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የእጩ መምህራንን የማስተማር ልምምድ ለመከታተል በዳባት አካባቢ በሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ተገኝቶ ነበር። የዕለቱ ትምህርት ስለ ውኃ ንጽሕና ነበር። እጩ መምህሯ «የምንጭ ውኃ ሳይፈላ አይጠጣም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ በጠራ ድምፅ ተናገረች። በትምህርቱ መጨረሻ ምን እንደተማሩ ስትጠይቅ አንዱ ልጅ ተነሥቶ «የምንጭ ውኃ አይጠጣም» አለ። ሌላው «የምንጭ ውኃ ፈልቶ አይጠጣም» ብሎ መለሰ። ክፍሉ ሳቀ፤ ልጁም አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። እጩ መምህሯ በማስታወሻ ደብተሯ ላይ «አላዳመጡም» ስትል ጻፈች።

በእርግጥ አላዳመጡም ነበርን? የመጀመሪያው ልጅ ከሁለቱ አሉታዎች አንዱን ይዞ ሌላውን ጥሏል። ሁለተኛው ቃላቱን ሁሉ ይዞ፣ አሉታው የትኛውን ግስ እንደሚነካ አምታቷል። ሁለቱም ያዳመጡ ልጆች ናቸው። የተቸገሩት የሰሙትን በመፍታት ነው። ይህን ለይቶ ማወቅ ልጁን ሰነፍ ከመባል ያድናል፤ ትምህርቱ የጤና ትምህርት ሲሆን ደግሞ ከበሽታም ሊያድን ይችላል።

አሉታ በአገራችን ቋንቋዎችና በሰዋስው መጻሕፍት

በስሜንና በጎንደር አካባቢ በቤተ ክህነት ትምህርት ያለፈ ሰው ሁለት የአሉታ ሥርዓቶችን አውቆ ያድጋል። በግዕዝ የአሉታ ምልክት «ኢ» በግሱ ራስ ላይ ይቀመጣል፤ «መጽአ» መጣ፣ «ኢመጽአ» አልመጣም ማለት ነው። «አኮ» እና «አልቦ»ም አሉ። በግዕዝ ግሱ ብዙ ጊዜ ከተሳቢው ስለሚቀድም አድማጩ የነገሩን መካድ ቀደም ብሎ ይሰማል። በአማርኛ ግን ግስ የዐረፍተ ነገሩ ማሰሪያ ነው። «ገበሬው ትናንት ከደባርቅ ገበያ ሁለት በሬ» ድረስ የሰማ ሰው በሬዎቹ ይገዙ ወይም አይገዙ ገና አያውቅም። «ገዛ» ወይም «አልገዛም» የሚለው የመጨረሻ ቃል ይጠብቀዋል። በዚህ መካከል ገበሬው፣ ገበያውና በሬዎቹ በአእምሮው ተስለዋል።

የአማርኛ አሉታ አሠራር በጽሑፍ መመዝገብ የጀመረው በቆየ ዘመን ነው። የአምሐራው ሰው አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1649 በሮም ከጀርመናዊው ሊቅ ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ፤ በ1652ም ጎታ ድረስ ሄደው አስተማሩት። ይህ የሆነው በጎንደር ዐፄ ፋሲል በነገሡበት ዘመን ነው። ሉዶልፍ ከእርሳቸው በተማረው መሠረት የአማርኛ ሰዋስውን እ.ኤ.አ. በ1698 አሳተመ። ከዚያ በኋላ የኢዘንበርግ ሰዋስው በ1842፣ የፕሬቶርዩስ በ1879፣ የማርሴል ኮኸን ደግሞ በ1936 ታተሙ። በአገራችን ሊቃውንት በኩል የብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ «የአማርኛ ሰዋስው» በ1935 ዓ.ም.፣ የባዬ ይማም መጽሐፍ ደግሞ በ1987 ዓ.ም. ወጥተዋል። እነዚህ መጻሕፍት የአሉታን ቅርፅ ያስረዳሉ፤ አድማጭ እንዴት እንደሚፈታው መመርመር ግን የሥነ ልቡና ሥራ ሆኖ ቆይቷል።

ለመምህሩ ሦስት የቅርፅ ነጥቦች በተለይ ይጠቅማሉ።

የመጀመሪያው፣ በዋና ዐረፍተ ነገር ውስጥ የአማርኛ አሉታ ሁለት ጊዜ መታወጁ ነው። «አልሰበረም» በሚለው ቃል «አል» ከፊት፣ «ም» ከኋላ ሆነው ግሱን ያቅፉታል። አንዱ በንፋስ ወይም በጫጫታ ቢጠፋ ሌላው ይቀራል። በጥገኛ ሐረግ ውስጥ ግን ይህ ጥበቃ የለም። «ከመጣ» እና «ካልመጣ»፣ «የሚጠጣ» እና «የማይጠጣ»፣ «እንዲቆርጡ» እና «እንዳይቆርጡ» የሚለያዩት በአንዲት አጭር ድምፅ ነው። ስድሳና ሰባ ልጆች በታጨቁበት ክፍል ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ያችን ድምፅ ቢስት፣ የሚሰማው ከተነገረው ተቃራኒ የሆነውን ነው።

ሁለተኛው ነጥብ መጥበቅና መላላት ነው። «አልመጣም» የሚለው ጽሑፍ ሁለት ንባብ አለው። «ጣ» ሲጠብቅ እርሱ ትናንት አልመጣም ማለት ነው፤ ሲላላ ደግሞ እኔ ነገ አልመጣም ማለት ነው። «አልበላም»፣ «አልሰማም»፣ «አልወጣም»፣ «አልገባም» ሁሉ እንዲሁ ናቸው። ፊደላችን መጥበቅን ስለማያሳይ፣ በንግግር ግልጽ የሆነው ልዩነት በጽሑፍ ይሰወራል። ማንበብ የሚማር ልጅ አሉታውን ብቻ ሳይሆን ባለቤቱንና ጊዜውንም ጭምር ከዐውዱ መገመት አለበት።

ሦስተኛው ነጥብ ድርብ አሉታ ነው። «ሳይመጣ አይቀርም» ስንል መምጣቱ ያመዝናል ማለታችን ነው። ሁለት አሉታዎች ተጣምረው ወደ አዎንታ ያዘነበለ ግምት ሰጡ። አዋቂ ሰው ይህን እንደ አንድ ቃል ሸምድዶ ስለያዘው አይቸገርም። «ሳይፈላ አይጠጣም» ግን ያልተሸመደደ ነው፤ ልጁ እያንዳንዱን አሉታ ፈትቶ እንደገና መግጠም ይኖርበታል። በዳባት አካባቢ የነበሩት ልጆች የወደቁት በዚህ ሥራ መካከል ነው።

ሥነ ልቡና ያገኘው

አሉታን በሙከራ መመርመር በስፋት የተጀመረው በእንግሊዛዊው የሥነ ልቡና ሊቅ በፒተር ዌሰን ነው። ዌሰን እ.ኤ.አ. በ1959 እና በ1961 ባሳተማቸው ጥናቶች ሰዎች የአዎንታና የአሉታ ዓረፍተ ነገሮችን እውነት ወይም ሐሰት ብለው ለመፍረድ የሚፈጅባቸውን ጊዜ ለካ። በሁለተኛው ጥናት ዓረፍተ ነገሮቹ አንድ ቁጥር ሙሉ ወይም ጎዶሎ መሆኑን የሚገልጹ ነበሩ። ትርጉማቸው ቀላል ሆኖ ሳለ አሉታዎቹ ረዘም ያለ ጊዜ ወሰዱ፤ ስሕተትም አበዙ። ለሙከራው የቀረቡት ማንበብ በሚገባ የሚችሉ አዋቂዎች እንደነበሩ ልብ ማለት ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1972 ክላርክና ቼዝ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ጉዳዩን በሥዕል አጠኑት። ተመልካቹ ኮከብና የመደመር ምልክት አንዱ ከአንዱ በላይ ተስለው ያያል፤ «ኮከቡ ከመደመር ምልክቱ በላይ አይደለም» የሚለውን ካነበበ በኋላ እውነት ወይም ሐሰት ይላል። በአዎንታ ጊዜ እውነተኛው ከሐሰተኛው ይልቅ ፈጥኖ ይፈረዳል። በአሉታ ጊዜ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ሐሰተኛው አሉታ ከእውነተኛው ይፈጥናል፤ ከአራቱ ሁሉ የሚዘገየውም እውነተኛው አሉታ ነው። ሊቃውንቱ የሰጡት ማብራሪያ፣ ሰው አሉታን ሲሰማ መጀመሪያ በውስጡ ያለውን አዎንታ ይይዛል፣ ከሥዕሉ ጋር ያነጻጽራል፣ ከዚያም ፍርዱን ይገለብጣል የሚል ነው። ይህ መገልበጥ ተጨማሪ ሥራ ነው።

ከዚያ ወዲህ የአእምሮን የኤሌክትሪክ ሞገድ መለካት ተቻለ። አንድ ቃል ከቀደመው ጋር ሳይስማማ ሲቀር ከቃሉ በኋላ በ400 ሚሊሴኮንድ ገደማ የሚታይ ሞገድ እንዳለ ኩታስና ሂልያርድ እ.ኤ.አ. በ1980 አስታወቁ። በ1983 ፊሽለርና ባልደረቦቹ ይህን ለአሉታ ተጠቀሙበት። «ሮቢን» የምትባለዋን ወፍ ዛፍ ናት ማለት ሐሰት፣ ዛፍ አይደለችም ማለት ደግሞ እውነት ነው። የአንባቢዎቹ አእምሮ ግን በሁለቱም ጊዜ «ዛፍ» የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ተመሳሳይ ያለመስማማት ምልክት አሳየ። በእንግሊዝኛ የአሉታው ቃል ከስሙ በፊት የሚመጣ ሆኖ ሳለ እንዲህ ከሆነ፣ አሉታው በመጨረሻ በሚመጣበት በእኛ ቋንቋ አድማጭ አስቀድሞ የሚያገኘው ወፏንና ዛፉን ብቻ መሆኑ ግልጽ ነው።

የጀርመኗ ተመራማሪ ባርባራ ካውፕና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ የጊዜን ሚና አሳየ። ሰዎች አንድ በር ክፍት እንዳልነበረ የሚገልጽ ዐረፍተ ነገር ካነበቡ በኋላ የበር ሥዕል ይቀርብላቸው ነበር። ሥዕሉ ከሦስት ሩብ ሴኮንድ በኋላ ሲቀርብ የተዘጋው በር ብልጫ አላገኘም። ከአንድ ሴኮንድ ተኩል በኋላ ሲቀርብ ግን የተዘጋውን በር ለመለየት ፈጠኑ። ማለትም ከአሉታው ወደ እውነተኛው ሁኔታ ለመሻገር ጥቂት ጊዜ አስፈልጓል። ይህ ጊዜ ለአንድ ዐረፍተ ነገር ኢምንት ነው። ሳያርፍ የሚናገርን መምህር ለሚከተል ልጅ ግን ኢምንት አይደለም።

አሉታ ምንጊዜም ከባድ ነውን?

ከዚህ በመነሣት አሉታን ከክፍል ማስወጣት ይገባል ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። ዌሰን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1965 አንድ ማስተካከያ አቀረበ። ስምንት ክቦች ባሉበት ሥዕል ሰባቱ አንድ ዓይነት ቀለም፣ አንዱ የተለየ ቀለም ሲኖራቸው፣ ስለ ተለየው ክብ እንደ ሌሎቹ አለመሆኑን መናገር ቀላል ሆኖ ተገኘ። አሉታ የሚቀለው ሰሚው ሊያስበው የሚችለውን ነገር ሲያርም ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ኒውላንድና ኩፐርበርግ በአእምሮ ሞገድ ባደረጉት ጥናት፣ አሉታው በዐውዱ ተገቢ ሲሆን አእምሮ ወዲያውኑ እንደሚረዳው አረጋገጡ።

ይህን በስሜን ምሳሌ ማየት ይቻላል። «ዋልያ የቤት ፍየል አይደለም» ቢባል የደባርቅ ልጅ ሳይቸገር ይረዳል፤ ዋልያና ፍየል ስለሚመሳሰሉ ማረሚያው ቦታ አለው። «ጭላዳ ሥጋ በል አይደለም» ቢባልም እንዲሁ፤ የጭላዳ ረጅም ጥርስ ሥጋ በል ያስመስለዋልና፤ ምግቡ ግን በአብዛኛው ሣር ነው። «ዋልያ ወፍጮ አይደለም» ቢባል ግን ነገሩ እውነት ቢሆንም ልጁ «ማን ነው አለ?» ብሎ ይገረማል። እንግዲህ መልካም አሉታ የሚወለደው መምህሩ የልጁን ቀዳሚ ግምት ሲያውቅ ነው።

አማርኛም ለአድማጩ ረዳት አዘጋጅቷል። «ከቶ»፣ «በጭራሽ»፣ «አንድም»፣ «ምንም» የመሳሰሉት ቃላት ከግሱ ቀድመው ሲመጡ አሉታ እንደሚከተል ያስጠነቅቃሉ። «ከብቶቹ ከቶ ወደዚህ አይገቡም» በሚል ዐረፍተ ነገር አድማጩ ግሱን ሳይሰማ መንገዱን ያውቃል። በቃል የሚያስተምር መምህር እነዚህን ቃላት እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ መንገድ ምልክት ሊጠቀምባቸው ይገባል።

የክልከላና የማስጠንቀቂያ ቋንቋ

የደባርቅና የዳባት ሕዝብ በአሉታ የተነገረ መመሪያ ብዙ ሰምቷል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቋመ፤ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ከ1996 እስከ 2017 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆየ። በ2016 የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ ወጥተው በደባርቅ ሰፈሩ። በዚህ ሁሉ ዘመን ለገበሬውና ለእረኛው የሚደርሰው ቃል በባሕርዩ «አትቁረጡ»፣ «አታሰማሩ»፣ «አታድኑ» የሚል ነው። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረውና በኋላም በ15 ቋንቋዎች የተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም፣ የትምህርት ሬዲዮም፣ የጤና ትምህርትም በዚሁ ዓይነት ቃል ተጠቅመዋል።

የክልከላ ቃል ደካማ ጎኑ የተከለከለውን እንጂ የሚደረገውን አለመንገሩ ነው። ሜዮ፣ ሹልና በርንስታይን እ.ኤ.አ. በ2004 እንዳሳዩት፣ የተካደው ነገር ዝግጁ ተቃራኒ ቃል ካለው ሰሚው ወደ ተቃራኒው ይሻገራል፤ ከሌለው ግን የተካደውን ነገር ይዞ የአሉታ ምልክቱን የመጣል ዝንባሌ ያሳያል። ስኩርኒክና ባልደረቦቹ በ2005 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ አንድ ነገር ሐሰት መሆኑ ደጋግሞ የተነገራቸው አረጋውያን ከሦስት ቀን በኋላ ነገሩን እውነት አድርገው ማስታወሳቸው ታይቷል። ነገሩ የተለመደ ሆነባቸው፤ «ሐሰት ነው» የሚለው ግን ጠፋባቸው። ስለዚህ ስለ ክትባትም ሆነ ስለ ውኃ የሚነገረውን የተሳሳተ ወሬ እየደጋገሙ «እንዲህ አይደለም» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ እውነቱ ራሱ በአዎንታ መነገር አለበት።

ጥያቄና ፈተና

አሉታ ይበልጥ የሚያስቸግረው በጥያቄ ውስጥ ነው። መምህር «አልገባችሁም?» ብሎ ሲጠይቅ ልጆቹ «አዎ» ቢሉ፣ አልገባንም ማለታቸው ነው ወይስ ገብቶናል? በአማርኛ «አዎ፣ አልገባንም» ማለት ትክክል ነው፤ ብቻውን የቆመ «አዎ» ግን ጠያቂውን በጥርጣሬ ይተወዋል። «ያልገባው አለ?» የሚለውም ከዚህ አይሻልም፤ ልጁ ለመመለስ አሉታውን መፍታት ብቻ ሳይሆን ራሱን በጓደኞቹ ፊት ማጋለጥ አለበት። ዝምታ መልስ ሆኖ ይቆጠርና ትምህርቱ ይቀጥላል።

ይህ ከትምህርት ቤት ውጭም ይሠራል። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በሚባለው ተቋም አማካይነት በዳባት እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የሕዝብና የጤና ክትትል ጥናት ሲካሄድ ቆይቷል። እንዲህ ያለ ጥናት የሚቆመው ከቤት ወደ ቤት በሚቀርብ የቃል ጥያቄ ላይ ነው። «ልጅሽ ተከትቧል?» እና «ልጅሽ አልተከተበም?» በወረቀት ላይ አንድ ነገር የሚጠይቁ ቢመስሉም ለሚመልሰው ሰው አንድ አይደሉም።

በጽሑፍ ፈተና ረገድ ሃላዲናና ዳውኒንግ እ.ኤ.አ. በ1989 የፈተና ጥያቄ አወጣጥ ደንቦችን ሰብስበው ሲያቀርቡ፣ በአሉታ የተጻፈ የምርጫ ጥያቄ በተቻለ መጠን እንዲቀር መክረዋል። እንግሊዝኛ የአሉታውን ቃል በትልልቅ ፊደላት ሊያጎላ ይችላል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ አሉታውም ለብቻው የቆመ ቃል ሳይሆን በ«የማይ» እና በ«ያል» ውስጥ የተሸሸገ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ራሱ ባዘጋጀው አንድ ፈተና ላይ «ከሚከተሉት ውስጥ ውኃን የማይበክል ያልሆነው የቱ ነው?» ብሎ ጽፎ ነበር። ከተፈታኞቹ ብዙዎቹ ሳቱ። ያን ጊዜ ስለ ውኃ ብክለት አላወቁም ብሎ ነጥብ ቀነሰ። ዛሬ ሲመለከተው ጥያቄው የመዘነው የውኃን እውቀት ሳይሆን ድርብ አሉታን የመፍታት ችሎታን ነው። «ውኃን የሚበክለው የቱ ነው?» ማለት ይበቃ ነበር።

ማጠቃለያና አስተያየት

ከላይ ከቀረበው ታሪክ የሚከተሉትን ሐሳቦች ማውጣት ይቻላል።

1ኛ/ መመሪያ በተቻለ መጠን በአዎንታ ይነገር። «ሳይፈላ አይጠጣም» ከማለት «ውኃውን አፍልታችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ ጠጡ» ማለት ይሻላል። ክልከላ ግድ ሲሆን የሚፈቀደው ተግባር አብሮ ይነገር፤ «እዚህ ከብት አታሰማሩ» ከተባለ የት እንደሚሰማራም ይጠቆም።

2ኛ/ አሉታ ልጁ ሊያስበው የሚችለውን ስሕተት ለማረም ሲሆን ያለ ፍርሃት ይሠራበት፤ ማረሚያው ከተነገረ በኋላ ግን እውነቱ በአዎንታ ይደገም።

3ኛ/ መምህሩ ከአሉታ ዐረፍተ ነገር በኋላ ትንፋሽ የሚያህል ጊዜ ይስጥ፤ «ካል»፣ «የማይ»፣ «እንዳይ» የሚሉትን ድምፆች ሳይውጥ ይናገር።

4ኛ/ በቋንቋ ትምህርት ጊዜ እንደ «አልመጣም» ያሉ ቃላት እየጠበቁና እየላሉ ድምፅ እየተሰማ ይነበቡ። የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችም ለዚህ ልምምድ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ቦታ ይስጡ።

5ኛ/ «ያልገባው አለ?» በሚለው ፋንታ «የተማርነውን በራስህ ቃል ንገረኝ» ይባል። በፈተናም አሉታ ያለበት ጥያቄ ካልታለፈ የአሉታው ቃል ከሥሩ ይሰመርበት፤ ድርብ አሉታ ግን ይቅር።

በዳባት አካባቢ በዚያ ክፍል ሁለት ልጆች ተሳስተው ሲመልሱ፣ ለመምህሪቱ አንድ ውድ መረጃ ሰጥተዋታል፤ ዐረፍተ ነገሯ የትኛው መገጣጠሚያው ላይ እንደሚሰበር አሳይተዋታል። ከትምህርቱ በኋላ በተደረገው ውይይት ይህ ከተነገራት ወዲህ፣ እጩ መምህሯ በሚቀጥለው ቀን ወደ ክፍሉ ተመልሳ ያንኑ ነገር በአዎንታ አስተማረች። አንገቱን ደፍቶ የነበረውን ልጅም አስነሥታ ጠየቀችው። «አፍልተን እንጠጣለን» ሲል መለሰ። በደብተሯ ላይ የነበረውንም ቃል ሰርዛ «አዳምጠዋል፤ አነጋገሬ ይስተካከል» ብላ ጻፈች።